ሆዳምነትና የሰውነት ውፍረት

ስለ ሰባቱ አርእስተ ኃጢአት ስናስተምር ተራው ለሆዳምነት ሲደርስ፣ በክፍሉ አንድ ወፍራም ልጅ ካለ የሁሉም ዓይን ወደ እርሱ ይዞራል። መምህሩ ዝም ካለ፣ ልጁ አካሉ ራሱ ኃጢአት እንደ ሆነ ተምሮ ይወጣል።

ከ590 እስከ 604 እ.ኤ.አ. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበረው ታላቁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ሆዳምነት የሚገለጥባቸውን አምስት መንገዶች ዘርዝሯል፦ ያለ ጊዜው መብላት፣ ውድ ምግብ መሻት፣ ከመጠን ማለፍ፣ በስግብግብነት መጉረስ፣ ስለ ምግቡ አዘገጃጀት ከልክ በላይ መጨነቅ። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም (ራሱ ግዙፍ ሰው እንደ ነበረ ይነገራል) ይህንኑ ተቀብሎ አስተምሯል። ከአምስቱ አንዱ እንኳ የሰውነትን ክብደት አይጠቅስም።

ውፍረት ከዘር፣ ከሕመም ወይም ከመድኃኒት ሊመጣ ይችላል። ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ስለሚያጋልጥ ሐኪም ቢያየው መልካም ነው፤ ይህ ግን የኑዛዜ ጉዳይ አይደለም።

በአገራችን «ወፈርህ፣ ተመችቶሃል» ማለት እንደ ምርቃት ይቆጠር ነበር። ዛሬ በከተማ ያው ቃል ያሳፍራል። ዐቢይ ጾምን ክብደት መቀነሻ ያደረገ፣ ጧትና ማታ ሚዛን ላይ እየወጣ ስለ ምግቡ ብቻ የሚያስብ ሰው፣ በእኔ አስተያየት ከአምስተኛው መንገድ ብዙ አልራቀም።

በክፍል ውስጥ ልጆቹ ለእያንዳንዱ መንገድ ምሳሌ ይስጡ። ምናልባት በድግስ ላይ ትልቁን ሥጋ ቀድሞ የሚያነሣውን ይጠቅሱ ይሆናል፤ እርሱም ቀጭን ሊሆን ይችላል።