በቤት ውስጥ ለሚያድግ ተክል የሚበራውን መብራት በልክ ስለ ማደብዘዝ



ፈረስ ገብስ ሲበዛበት እንደሚታመም ሁሉ ተክልም ብርሃን ከልክ ሲያልፍበት ይጎዳል። በሜዳ ያለው አዝመራ ፀሐይና ደመና ስለሚፈራረቁለት ጉዳቱ እምብዛም አይታይም። በዝግ ክፍል የሚያድግ ችግኝ ግን የሚያገኘው ብርሃን መብራቱን የሰቀለው ሰው የወሰነለትን ብቻ ነው። ስለዚህ ኤል ኢ ዲ የተባለውን መብራት እንዴት ማደብዘዝ እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ፈቀድን።

ይህ መብራት እንደ ቀድሞው አምፖል ክር አግሎ የሚያበራ አይደለም። ለዓይን የሚታየውን ቀዩን ብርሃን በ1955 ዓመተ ምሕረት በአሜሪካ ኒክ ሆሎንያክ አሳየ፤ ብሩህ ሰማያዊውን ያስገኙት አካሳኪ፤ አማኖና ናካሙራ የተባሉ በጃፓን የተወለዱ ሊቃውንት ደግሞ በ2007 ዓመተ ምሕረት የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ኤል ኢ ዲ ሲደበዝዝ ቀለሙ ብዙም አይለወጥም፤ ሙቀቱም ይቀንሳል፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

በዚህ ነገር የሰው ዓይን አይታመንም። መብራቱ በእኩሌታ ቢቀነስ እንኳ ለዓይን የሚታየው ጥቂት የደበዘዘ መስሎ ነው፤ ስለሆነም መለኪያ ያስፈልጋል። ለተክል የሚሆነው መለኪያ ማይክሮሞል ይባላል፤ ይኸውም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ሴኮንድ የሚያርፈውንና ቅጠል ሊጠቀምበት የሚችለውን ብርሃን ይቆጥራል። በጠራ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ 2000 ትሰጣለች። ሉክስ የሚቆጥረው መሣሪያ ግን ለሰው ዓይን የተሠራ ስለሆነ ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን አሳንሶ ይናገራል፤ በነጭ ኤል ኢ ዲ ሥር ሲሆን ቁጥሩን ለ70 ማካፈል ለግምት ይበቃል።

ሰላጣን ለምሳሌ እንውሰድ። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በቤት ውስጥ ለሚያድግ ሰላጣ ያወጣው ልክ በቀን 17 ሞል ነው። ብርሃኑ ከዚህ ሲያልፍና በክፍሉ ውስጥ አየር ሳይንቀሳቀስ ሲቀር የውስጡ ለጋ ቅጠል ጫፉ ተቃጥሎ ይጠቁራል። ምክንያቱም ካልሲየም ከውኃ ጋር እየተሳበ ወደ ቅጠል የሚሄድ ሲሆን፤ ተሸፍኖ ያለው ለጋ ቅጠል ውኃ ስለማያተን ድርሻውን አያገኝም፤ ብርሃኑ ግን ፈጥነህ እደግ እያለ ያስገድደዋል። አንድ የችግኝ ክፍል ጠባቂ ይህን በሽታ መስሎት መድኃኒት ሲረጭ፤ አልሆን ሲለው ማዳበሪያ ሲጨምር አይተናል። ገንዘቡ በከንቱ ወጣ፤ ያስፈለገው ግን መብራቱን መቀነስና አየሩን ማንቀሳቀስ ብቻ ነበር።

ደግሞም 600 ማይክሮሞልን 8 ሰዓት ማብራትና 300ን 16 ሰዓት ማብራት በቀን የሚሰጡት አንድ ነው፤ ሁለቱም ከ17 ሞል ጥቂት ይበልጣሉ። ዳሩ ግን ብርሃን ሲበረታ ቅጠል የሚያባክነው ስለሚበዛ አደብዝዞ ማስረዘሙ ይሻላል። ይህ ግን ለሁሉ ተክል አይሆንም፤ ስፒናች ቀኑ ሲረዝምበት ቅጠል ትቶ ወደ አበባ ይሄዳል፤ ቲማቲምም ያለ ጨለማ ሲቀር ይታመማል።

በአገራችን ይህ ነገር ይልቁንም የሚያስፈልገው ለድንች ዘር ነው። በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል እንደሚደረገው፤ ከበሽታ የነጻ የድንች ዘር የሚጀመረው በጠርሙስ ውስጥ ከሚያድግ ቡቃያ ነው። ቡቃያው በጠርሙሱ ሳለ ስኳር ያለበት ምግብ ስለሚሰጠው ከ50 እስከ 100 ማይክሮሞል ይበቃዋል። ቅጠሉም ገና ስስ ነው፤ ከጠርሙስ ወጥቶ በአፈር በተተከለ ቀን ብርቱ ብርሃን ቢያገኘው ይነጣል፤ ይጠወልጋልም። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን ብርሃኑን በጠርሙስ ሳለ በለመደው ልክ አድርጎ፤ እርጥበቱንም ጠብቆ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ከፍ ማድረግ የተገባ ነው።

ስለ አሠራሩም፤ ለቀድሞው አምፖል የተሠራውን የግድግዳ ዲመር በማናቸውም ኤል ኢ ዲ ላይ መግጠም አይገባም፤ መብራቱ ይርገበገባል፤ ድራይቨር የሚባለው የኃይል መመጠኛውም ሊቃጠል ይችላል። ሲገዛ ድራይቨሩ የሚደበዝዝ መሆኑ በላዩ መጻፉን መመልከት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ከ0 እስከ 10 ቮልት በሚደርስ መቆጣጠሪያ ይታዘዛሉ፤ 10 ሙሉ ብርሃን ነው፤ 5 ወደ እኩሌታው ነው። መብራቱን ወደ ላይ ማንሣትም ብርሃኑን ያሳንሳል፤ ነገር ግን የተረፈው በግድግዳ ላይ ይፈስሳል፤ የኤሌክትሪኩም ሒሳብ አይቀነስም። 200 ዋት የሚበላ መብራት በቀን 16 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 96 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ፍጆታው ወደ እኩሌታ ቢወርድ 48 ይተርፋል።

ሹሙ ክፍሉን ሲጎበኝ በቅጠሉ ጫፍ ቁመት ላይ በመካከልና በአራቱ ማዕዘን የተለካውን ቁጥር የያዘውን መዝገብ ይጠይቅ። ግንዱ ቀጥኖና ረዝሞ ቢገኝ ብርሃኑ አንሷል፤ ለመብራቱ የቀረበው ቅጠል ነጥቶ ወይም ወደ ላይ ተጠቅልሎ ቢገኝ በዝቷል። መዝገብ ከሌለ መለኪያው እስኪመጣ ድረስ አዲስ መብራት እንዲገዛ አይፍቀድ።