ከአለት በተፈለፈሉ ቤቶች የአየር ዝውውርና እርጥበት፦ የማቴራ ሳሲ

በደቡብ ኢጣሊያ በምትገኘው የማቴራ ከተማ፣ ሳሲ በተባሉት ሰፈሮች፣ ብዙ ጥንታዊ ቤቶች ከለስላሳ የኖራ ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣው ሕግ ነዋሪዎቹ ወደ አዳዲስ ሰፈሮች የተዛወሩት በመጨናነቅ፣ በንጽሕና ጉድለትና በእርጥበት ምክንያት ነበር። ዛሬ ቤቶቹ ታድሰው ዳግም ሰው ስለሚያድርባቸው የእርጥበቱን ምንጭ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምንጩ ሁለት ነው፦ በድንጋዩ ውስጥ የሚሰርግ ውሃና ከውጭ አየር የሚፈጠር ጤዛ። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 50 በመቶ የሆነ አየር የጤዛ ነጥቡ 18 ዲግሪ ያህል ነው፤ ስለዚህ 16 ዲግሪ የሆነ ግድግዳ ሲነካ ጤዛ ይቋጥራል።

በር በአንድ ወገን ብቻ ባለው ቤት፣ በብርድ ወራት ሞቃቱ የውስጥ አየር በላይኛው መስኮት ይወጣል፤ በበሩ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር አነስተኛ የውሃ ተን ስለሚይዝ ቤቱን ያደርቃል። በሞቃት ወራት ግን ፍሰቱ ይገለበጣል፤ ያው መስኮት እርጥበት ያስገባል።

እንግዲህ አየር ማናፈስ ሁልጊዜ አያደርቅም። ቤቱ መከፈት ያለበት የውጭው አየር የጤዛ ነጥብ ከግድግዳው ሙቀት በታች ሲሆን ነው። የሚሰርገውን ውሃ በተመለከተ፣ የሲሚንቶ ልስን ትነትን ስለሚያግድ እርጥበቱን በድንጋዩ ውስጥ ያቆየዋል፤ የኖራ ልስን ግን ያስተነፍሰዋል።