ከ24 ቮልት መኪና ላይ 12 ቮልት ሲፈለግ

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ባትሪ ሞተብኝ ብሎ መጣ። ሦስቱንም ጊዜ የሞተው ያው ኔጌቲቩ ከሻንሲው ጋር የታሰረው ባትሪ ነው። የጎኑ ባትሪ ደግሞ ውሃው ቶሎ ቶሎ እያለቀ ረዳቱን ሲያለፋው ከርሟል። ሹፌሩ ባትሪ ሻጩን አማ፤ መኪናውን ያየው ጋራዥ ዲናሞውን ጠረጠረ። ጥፋቱ ግን ከሁለቱ ባትሪዎች መገናኛ ላይ ተነስታ ወደ ቴፑ በምትሄድ አንዲት ቀጭን ሽቦ ላይ ነበር።

ይህን አሠራር ብዙዎቻችን ከቀደሙን ባለሙያዎች ተምረነዋል፤ ሠርተነዋልም። ለምን መተው እንዳለበት ግን በቁጥር የሚያስረዳን አላገኘንም። ትልልቅ የጭነት መኪኖች ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ታስረውላቸው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ዲናሞው የሚያውቀው የሁለቱን ድምር ብቻ ነው፤ ድምሩ 28 ቮልት ገደማ ከደረሰ ለእሱ ሥራው አልቋል። ቴፑ፣ አምፕሊፋየሩና የስልክ ቻርጀሩ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ሲጠጡ ያ ባትሪ ይጎድላል። ሲሞሉ ግን በሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው ከረንት እኩል ነው። ስለዚህ ጎዶሎው ሳይሞላ የሞላው ይበልጥ ይሞላል። ድምሩ 28.2 ሆኖ ጎዶሎው 12.8 ላይ ቢቀር፣ ለሌላኛው 15.4 ቮልት ደረሰው ማለት ነው። የአሲድ ባትሪ ከ14.4 ቮልት በላይ ብዙ ከቆየ ውሃው ጋዝ እየሆነ ያልቃል። አንዱ በረሃብ፣ አንዱ በጥጋብ ይሞታሉ።

እንዲህ ያለ መኪና ከመጣላችሁ ሞተሩን አስነስታችሁ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ መጀመሪያ ያቺን ሽቦ ፈልጉ። ሽቦዋ ሳትነሳ አዲስ ባትሪ ማስገዛት የሰውን ገንዘብ ማቃጠል ነው። ሽቦዋ ከተነሳች በኋላም አንዱን አዲስ፣ አንዱን አሮጌ አድርጎ ማሰር አያዋጣም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነትና አንድ ዕድሜ ይሁኑ።

ታዲያ 12 ቮልቱ ከየት ይምጣ? ከሙሉው 24 ቮልት ላይ ዝቅ አድርገን እንሠራዋለን። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ እጃቸው የሚሄደው ባለ ሦስት እግሯ ሬጉሌተር ላይ ነው፤ 7812 ለቴፕ፣ 7805 ለስልክ። ሬጉሌተሯ ጥሩ ዕቃ ናት፣ ቦታዋ ግን እዚህ አይደለም። ትርፉን ቮልቴጅ የምታስወግደው ወደ ሙቀት ለውጣ ነው። ሞተሩ ሲሠራ መግቢያው 28 ቮልት ነው እንበል፤ ከ7805 ላይ 1 አምፒር ስትወስዱ 23 ቮልት እሷ ላይ ይቀራል፣ ይህም 23 ዋት ሙቀት ነው። ስልኩ የሚያገኘው 5 ዋት ብቻ ነው። በብዙዎቹ የፋብሪካ ሰነዶች መሠረት ከውስጠኛው ቺፕ እስከ ጀርባው ብረት ድረስ ለእያንዳንዱ ዋት 5 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ። በ23 ዋት ይህ ብቻውን 115 ዲግሪ ነው። የመኪናውን ውስጥ ሙቀት 35 ብትደምሩበት 150 ይሆናል፤ የተፈቀደላት ግን 125 ነው። የፈለገውን ያህል ትልቅ አሉሚኒየም ብታስሩባት እንኳ አታድኗትም። ይህን ስሌት ከመበየዳችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሥሩት፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ስዊች የሚያደርገው ዓይነት ነው። ኤልኤም2596 በሴኮንድ 150 ሺህ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ኃይሉን በኮይል ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ትርፉን አያቃጥለውም። ለቴፑ 12 ቮልት በ2 አምፒር ስትሰጡ 24 ዋት ነው። ከመቶ 85 እጁ ይደርሳል ብንል ከባትሪው የሚወጣው 28 ዋት፣ ማለትም 1 አምፒር አካባቢ ነው። የሚጠፋው 4 ዋት ብቻ ነው። የሚጠጣውም ከሁለቱም ባትሪዎች እኩል ነው።

ተራው ኤልኤም2596 የሚፈቀድለት መግቢያ እስከ 40 ቮልት ነው። ለ24 ቮልት መኪና ይህ በቂ ይመስላል፣ እኔ ግን አልቀበለውም። ሞተር እየሠራ የባትሪ ተርሚናል ቢነቀል፣ ዲናሞው ለአፍታ ከ100 ቮልት በላይ ሊተፋ ይችላል። መንገድ ላይ ለሌላ መኪና ለማስነሻ ብለው ሞተር ሳያጠፉ ባትሪ የሚፈቱ ሹፌሮች አሉ፤ እንዲህ እንዳያደርጉ ንገሯቸው፣ ግን በንግግራችሁ ብቻ አትተማመኑ። እስከ 60 ቮልት የሚችለውን ኤልኤም2596ኤችቪ ምረጡና መግቢያው ላይ 1.5ኬኢ36ኤ የሚባለውን መከላከያ ዳዮድ አስገቡ። 50 ቮልት አካባቢ ላይ ድንገተኛውን ግፊት ያስቀረዋል። ፊውዙ 3 አምፒር ይሁን፣ ቦታውም ባትሪው አጠገብ። ቴፑ አጠገብ የተቀመጠ ፊውዝ በመሐል የተላጠ ሽቦ ሻንሲ ሲነካ ምንም አያድንም።

መውጫውንም አትርሱ። የዚህ ዓይነት ሰርኪት መግቢያና መውጫው የተለያዩ አይደሉም፤ አይሲው በውስጡ ሾርት ካደረገ ሙሉው 28 ቮልት ቀጥታ ቴፑ ላይ ይወርዳል። መውጫው ላይ 1.5ኬኢ15ኤ ብታስሩ ዳዮዱ ራሱን ሾርት አድርጎ ፊውዙን ያቃጥላል፤ የሰው ቴፕ ይተርፋል።

ተሠርቶ የሚሸጠውን ቦርድ የምትገዙ ከሆነ የመግቢያውን ካፓሲተር አንብቡ። 35 ቮልት የሚል ከሆነ ለዚህ መኪና አይሆንም፤ በ63 ቮልት ቀይሩት። ቦርዱ 3 አምፒር ቢባልም ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 አምፒር በላይ አትጫኑት። ስሙ ተጽፎበት ውስጡ ሌላ የሆነ፣ በ150 ፈንታ በ50 ኪሎኸርትዝ አካባቢ የሚሠራ አይሲም ገበያ ውስጥ አለ፤ ኮይሉ ያለ ልክ ይግላል።

መውጫውን መጀመሪያ ያለ ጭነት 12 ላይ አስተካክሉ። ከዚያ ከቤት መኪና የወጣ ባለ 12 ቮልት 21 ዋት የፍሬን አምፖል እሰሩበት፤ 1.75 አምፒር ይጠጣል፣ ከዚህ የተሻለ ርካሽ መፈተኛ አላገኘሁም። የከባድ መኪናውን ባለ 24 ቮልት አምፖል ብትጠቀሙ ግን የሚጠጣው ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ያታልላችኋል። ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ መውጫው ከ12 ካልወረደና አይሲው የማያስነካ ሆኖ ካልጋለ አልፏል። ከዚያ በብረት ሣጥን ክተቱት፣ ሣጥኑን ከሻንሲው ጋር አያይዙት፤ ይህ ሬዲዮው ላይ የሚሰማውን ጩኸትም ይቀንሳል። መግቢያውን ከቁልፍ በኋላ ካለው መስመር ውሰዱ፤ መኪናው ለሳምንታት ሲቆም ባትሪውን እንዳይጠባ።

ሣጥኑ ላይ መግቢያውን፣ መውጫውን፣ የፊውዙን መጠንና ቀኑን ጻፉበት። ሹፌሩን ደግሞ ከአንድ ሳምንት በኋላ ተመልሶ እንዲመጣ ንገሩት፤ ሞተሩን አስነስቶ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ እንደገና ትለኩለታላችሁ።