ለፎገራ ዳርቻ የሚሆን የዓሣ ማታለያ እንዴት ይመረጣል?

ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በሚገቡበት ዳርቻ ሐይቁ ጥልቀት የለውም። ደንገልና ፊላ በቅሎበታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ተጨምሮበታል። ከደብረ ታቦር ወይም ከወረታ ዘንግና መንጠቆ ይዞ የሚወርድ ጀማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው “መንጠቆው ላይ ምን ላድርግ?” ብሎ ነው። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ “የምፈልገው የትኛውን ዓሣ ነው?” የሚለው። ይህ ካልተመለሰ የማታለያ ምርጫ ግምት ሆኖ ይቀራል።

ሣር በበዛበትና ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ስለ ማጥመድ በዓለም ላይ ከተጻፈው አብዛኛው የሚያስተምረው ላርጅማውዝ ባስ ስለሚባለው የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ተወስዶ ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ ተራብቷል፤ ጣና ውስጥ ግን የለም። ባስ አፉ ሰፊ ነው፤ ሣር ውስጥ አድፍጦ ይቆይና ያለፈውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይውጣል። ስለዚህ ትልልቅ ማታለያ ይመርጡለታል፤ ሣሩ መሐልም ይጥሉለታል። ከዚህ ትምህርት ለእኛ የሚሆነው ስለ ሣሩ የሚናገረው ክፍል ነው። ስለ ዓሣው የሚናገረውን እንዳለ ወደ ጣና ያመጣ ሰው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል።

የጣና ዋና ዋና ዓሦች ሦስት ወገን ናቸው፤ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ሦስቱም ምግባቸውን የሚያገኙበት መንገድ ይለያያል፤ የማታለያው ምርጫም ከዚሁ ይነሣል።

ቀረሶ በአብዛኛው የሚመገበው በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ አረንጓዴ ተክሎችን ነው። ሌላ ዓሣ አሳድዶ የሚኖር ስላልሆነ የሚያብረቀርቅ ብረት ቢጎትቱለት እምብዛም አይከተልም። አፉም ትንሽ ነው። ለእርሱ የሚሆነው ትንሽ መንጠቆ፣ በላዩ ላይ የተሰካ ትል ወይም ጠበቅ ያለ የሊጥ እንክብል፣ ከላይ ደግሞ ክሩን ይዞ የሚንሳፈፍ ቡሽ ነው። ቡሹ ሲንቀጠቀጥ ታግሶ፣ ሲሰምጥ ወይም ወደ ጎን ሲሄድ ቀስ ብሎ መሳብ ይገባል።

አምባዛ በአንጻሩ በዓይኑ አይታመንም። ጢሞቹ የሚዳስሱና የሚቀምሱ ናቸው፤ ድፍርስ ውሃ ውስጥም ሆነ በሌሊት ምግቡን በእነርሱ ይፈልጋል። ስለዚህ ለአምባዛ የማታለያው ቀለም ከንቱ ነው፤ ዋናው ሽታው ነው። የሥጋ ቁራጭ፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ ወይም ብዙ ትል በጠንካራ መንጠቆ ሰክቶ፣ በእርሳስ አክብዶ ታች አሳርፎ መጠበቅ ይበቃል። ዓሣው ትልቅና ጉልበተኛ ስለሆነ ክሩ ወፍራም ይሁን።

ሦስተኛው ነጭ ዓሣ ከሁሉ የሚያስደንቀው ነው። አንድ ስም ይሰጠው እንጂ ጣና ውስጥ 15 የሚደርሱ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በየትም ዓለም አይገኙም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶት ስለኖረ፣ እነዚህ ዝርያዎች እዚያው ሐይቁ ውስጥ ተለያይተው በየፊናቸው ኑሮ ይዘዋል። ከሆላንድ የመጡት ተመራማሪዎች ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዝርያዎቹን አንድ በአንድ ለይተው ጽፈዋል። ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች ናቸው። ሰው ሠራሽ ማታለያ በእውነት የሚያገለግለው ለእነዚህ ነው።

ነገር ግን እነዚህ አዳኞች እንደ ባስ አይደሉም። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የለም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሮአቸው ውስጥ ነው። የያዙትን ነክሰው ማቆየት ስለማይችሉና የጉሮሮአቸው መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ፣ ከራሳቸው በጣም የሚያንሱ ቀጫጭን ዓሦችን ያሳድዳሉ። ስለዚህ ለባስ የሚመከረውን ትልቅና ወፍራም ማታለያ ትቶ፣ ከጣት የማይረዝም፣ ቀጠን ያለ፣ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ነገር መምረጥ ያስፈልጋል። እንደ ማንኪያ የጎበጠች ትንሽ የብረት ቁራጭ ወይም የምትሽከረከር ቅጠል ያላት ማታለያ ትሆናለች። አጎታተቱም ሳይቋረጥ፣ ፍጥነቱ አልፎ አልፎ እየተለዋወጠ ይሁን፤ የሚያሳድድ ዓሣ የሚሸሽ ነገር ይፈልጋልና።

አሁን ወደ ሣሩ እንመለስ። የባስ አጥማጆች ትምህርት የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት መንጠቆው አንድ ጫፍ ብቻ ይኑረው የሚል ነው፤ ሦስት ጫፍ ያለው መንጠቆ የእምቦጭ ሥር ሲያገኝ አይለቅም። ሁለተኛው ጫፉን መሸሸግ ነው። ከለስላሳ ፕላስቲክ በተሠራ ማታለያ ውስጥ የመንጠቆውን ጫፍ መልሶ ቢቀብሩት ሣሩን እየታከከ ያልፋል፤ ዓሣ ሲነክሰው ግን ፕላስቲኩ ይጨመቅና ጫፉ ይወጣል። ሦስተኛው የመጣያው ቦታ ነው። ባስ የሚፈለገው ሣሩ ውስጥ ነው፤ ነጭ ዓሣ ግን አሳዳጅ ስለሆነ የሚሻለው ደንገሉ አልቆ ክፍት ውሃ የሚጀምርበት ጠርዝ ነው። ማታለያውን ጠርዙን ተከትሎ፣ ከሣሩ ትይዩ መሳብ በየጥሉ ከመያዝ ያድናል። እምቦጭ እንደ ምንጣፍ በተነጠፈበት ግን ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል፤ ክር እዚያው ተቆርጦ ቢቀር መንጠቆው ለወፍም ለከብትም ጠንቅ ነውና።

የውሃው መልክም ምርጫውን ይለውጣል። ጉማራና ርብ ከታረሰው ተዳፋት አፈር ይዘው ስለሚመጡ ዳርቻው ብዙ ጊዜ ድፍርስ ነው። በድፍርስ ውሃ ዓሣ ማታለያውን የሚያገኘው ጎኑ ላይ ባለው፣ የውሃን ንቅናቄ በሚሰማ አካሉ ጭምር ነው። ስለዚህ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚያናውጥ ማታለያ ይመረጣል፤ ቀለሙም ጥላው ጎልቶ እንዲታይ ጠቆር ያለ፣ ወይም ደማቅ ይሁን። በበጋ ውሃው ሲጠራ ደግሞ ብርማና ተፈጥሯዊ መልክ ያለው፣ ክሩም ቀጭን ቢሆን ይሻላል።

አንድ ወቅት አለ፣ ከማታለያ ሁሉ የሚሻለው ዘንጉን ቤት ማስቀመጥ የሆነበት። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ዕንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎች ወንዞች ይወጣሉ። ጠጠር ያለበትና ጥሩ ውሃ ፈልገው ወደ ገባሮቹ ከመዝለቃቸው በፊት በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። በዚያ ሰዓት በመረብ መዝጋት፣ ወይም በብርብራ ፍሬ ውሃውን መመረዝ፣ የመጪውን ዓመት ዓሣ ጭምር ማጥፋት ነው። ተመራማሪው ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. የ1991ንና የ2001ን የጣና ዓሣ አወዳድረው የነጭ ዓሣ ክምችት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይተዋል። የዓሣ ሀብታችን በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚተዳደር ነው፤ ወደ ውሃው ከመውረድ በፊት ፈቃድንና የተከለከለ ወቅትን ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ የእያንዳንዱ አጥማጅ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

መረብ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል፤ በዘንግ የሚያጠምድ ሰው ግን መርጦ የመያዝ ዕድል አለው፣ ያልፈለገውን በሕይወት የመመለስም እንዲሁ። በመንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የምትመለሰውን ትንሽ እሾህ በፒንሳ መጫን፣ ዓሣውን በረጠበ እጅ መያዝ፣ ሆዷ በዕንቁላል የተወጠረችውን ወዲያው መልቀቅ አስቸጋሪ አይደለም። ማታለያ መምረጥን በሚገባ የተማረ ሰው ይህንንም አብሮ ቢማር፣ በዓለም ላይ ሌላ ቤት የሌላቸው ዓሦች የፎገራን ዳርቻ እንደያዙ ይቆያሉ።