ጎማው ሲተልቅ ማርሹ ምን ይሆናል? ለልጅዎ ፒክአፕ ዋስ ከመሆንዎ በፊት

ባለፈው ወር ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ ጀርባ በሚገኝ አንድ ቤት የአንዲት እናትን የደም ግፊት ልለካ ገብቼ ነበር። ግፊታቸው ከወትሮው ከፍ ብሎ አገኘሁት። «እማማ፣ መድኃኒትዎን ወስደዋል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «መድኃኒቱስ ተወስዷል፤ እንቅልፍ የነሳኝ የልጄ መኪና ነው» አሉኝ። ፈቃዳቸውን ስለሰጡኝ ነው የምጽፈው፤ ስማቸውን ግን አላነሣም።

ልጃቸው ያገለገለ ፒክአፕ፣ እዚህ አገር ተንደር የምንለውን፣ በብድር ሊገዛ ነው። ከእርሻ አትክልት እያመጣ ለገበያው ሱቆች ሊያደርስ አስቧል። ባንኩ ዋስ ይፈልጋል፤ ዋሷ እናት ናቸው። መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት የሚበልጥ ትልልቅ ጎማ ተገጥሞለታል። ሻጩ «ጎማው ምርቃት ነው» ብሎታል። አንድ ጎረቤት ደግሞ «ጎማው ከተለቀ ዲፈረንሻሉም መቀየር አለበት፤ እሱ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው» ብለው አስደነገጧቸው። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እውነት ነው ወይ?» አሉኝ።

እኔ ነርስ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ታናሽ ወንድሜ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በጎማ ምክንያት ገንዘብ ስላጠፋ፣ ከእሱ ጋር ጋራዥ ለጋራዥ ስዞር ተምሬዋለሁ። መልሱ «አንዳንዴ እውነት ነው» የሚል ነው። መቼ እውነት እንደሚሆን ለማወቅ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ሒሳቡን ግን የስድስተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል።

መጀመሪያ ዲፈረንሻል ምን እንደሆነ እንይ። በመኪናው ሆድ ሥር፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል፣ እንደ ድስት ያበጠች የብረት ነገር አለች። በውስጧ ሁለት ባለ ጥርስ ብረቶች ተነካክሰው ይዞራሉ። ትንሹን ፒኞን፣ ትልቁን ክብ ደግሞ ኮሮና ይሉታል። (ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ በሽታውን አይደለም፤ እኔም ጋራዥ ውስጥ መጀመሪያ ስሰማው ደንግጫለሁ።) ከሞተር የሚመጣው ዘንግ ትንሹን ያዞራል፣ ትንሹ ትልቁን ያዞራል፣ ትልቁ ጎማውን ያዞራል። ትልቁ 43 ጥርስ፣ ትንሹ 11 ጥርስ ካለው፣ 43ን ለ11 ሲያካፍሉ 3.909 ይመጣል። ይህም ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ዘንጉ አራት ጊዜ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ይዞራል ማለት ነው። 41 ለ10 ከሆነ 4.10 ይሆናል። 41 ለ9 ከሆነ 4.556 ይሆናል። ቁጥሩ ከፍ ሲል መኪናው ለዳገትና ለጭነት ጉልበት ያገኛል፤ ሞተሩ ግን በዚያው ፍጥነት ላይ የበለጠ ይዞራል፣ የበለጠ ይጮኻል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል በሜዳ ላይ ጸጥ ብሎ ይነጉዳል፣ ዳገት ላይ ግን ይደክማል።

አሁን ጎማውን እንጨምርበት። በጎንደር ገደል ውስጥ እንስራ አዝላ ዳገት የወጣች እናት የምታውቀው ነገር አለ፤ ዳገት ሲመጣ እርምጃ ይታጠራል። ረጅም እርምጃ የሚራመድ ሰው በሜዳ ይቀድማል፣ አቀበት ላይ ግን ትንፋሹ ያልቃል። ልባቸው ለደከመ ታካሚዎቼም ከአግሪፓስ ጎዳና ሽቅብ ሲወጡ የምመክራቸው ይህንኑ ነው። ትልቅ ጎማ መገጠም የመኪናውን እርምጃ ማስረዘም ነው። አንድ ጊዜ ሲዞር የሚሄደው መንገድ ይረዝማል፤ ሞተሩ ግን ያው የድሮው ሞተር ነው።

ምን ያህል ይረዝማል? በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። በብዙ ፒክአፖች ላይ 265/65 አር 17 የሚል ይገኛል። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የጎን ቁመቱ 172 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ ሲቆጠር 344 ተኩል፣ ቸርኬው 431.8፤ በድምሩ 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የእማማ ልጅ ሊገዛው ባለው መኪና ላይ ያለው ግን 285/70 አር 17 ነበር። በዚያው መንገድ ሲሰላ 831 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 831ን ለ776 ሲያካፍሉ 1.07፤ ጎማው በ7 በመቶ ተልቋል።

7 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሦስት ቦታ ላይ ይገባል።

አንደኛው ጉልበት ነው። ጎማው መሬቱን የሚገፋበት ኃይል በ6.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ባዶውን ቴል አቪቭ ለሚሄድ ሰው አይታወቀውም። አንድ ቶን ድንችና ሽንኩርት ጭኖ ከሻዓር ሃጋይ ወደ ኢየሩሳሌም ለሚወጣ ሰው ግን ይታወቀዋል፤ ማርሹ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይግላል። በገበያው ዙሪያ ባሉት ጠባብ ቁልቁለትና አቀበት መንገዶች ደግሞ ቆም፣ ተነሣ፣ ቆም፣ ተነሣ ነው፤ በእጅ ማርሽ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ቶሎ ይበላል። ወንድሜ የከሰረው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ቁልቁለት ነው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚያስፈራኝ። ሊማሊሞን የሚያውቁ አባቶች ይህን ከማንም በላይ ይረዱታል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን ያንን ጠመዝማዛ መንገድ የኤንትሬ ሹፌሮች የሚወርዱት በከባድ ማርሽ እንጂ በፍሬን አልነበረም፤ ሁልጊዜ ፍሬን የሚረግጥ ሹፌር ከታች ሳይደርስ ፍሬኑ ይግልና ይከዳዋል። ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይልም በዲፈረንሻሉ በኩል ስለሚያልፍ፣ ጎማው ሲተልቅ እሱም በ6.5 በመቶ ይቀንሳል። ፍሬኑ ራሱም እንዲሁ ይዳከማል፣ ጎማው ደግሞ ከበድ ያለ ነው። እዚህ አገር ሊማሊሞ የለም ብለው አይናቁ። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ናት፣ ሙት ባሕር ከባሕር ወለል በታች ከ400 ሜትር በላይ ነው፤ ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ከ1200 ሜትር በላይ ይወረዳል። አትክልት ከዮርዳኖስ ሸለቆ የሚያመጣ ልጅ መንገዱ በዚያ ነው። ዲፈረንሻል መቀየር የሞተሩን መያዣ ይመልሳል፤ ፍሬኑን ግን አይመልስም። ይህን ጋራዥ ውስጥ በግልጽ የነገረን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው የፍጥነት ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው ጎማው እንደ ድሮው ትንሽ ነው ብሎ ያስባል። 100 ሲያሳይ መኪናው በትክክል እስከ 107 ሊሄድ ይችላል። ከፋብሪካ የሚወጡ ቆጣሪዎች ብዙ ጊዜ ትንሽ አብዝተው ስለሚያሳዩ ልዩነቱ ሊያንስ ይችላል፤ ግን ካሜራው «ቆጣሪዬ ዋሸኝ» የሚል መልስ አይቀበልም። ልጅዎ ተቀጥሮ የአሠሪውን መኪና የሚነዳ ከሆነ ይህ የበለጠ ይመለከተዋል፤ የፍጥነት ቅጣት መጀመሪያ ለመኪናው ባለቤት ቢመጣም፣ በዚያ ሰዓት ይነዳ ወደነበረው ሰው ስም ይዛወራል። ነጥቡም በሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ላይ ይመዘገባል። ሥራ ሊጀምር ሲል የጎማውን ቁጥር ከመኪናው ሪሽዮን ጋር እንዲያስተያይ ይንገሩት፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለገዢም የሚሆን ነገር አለ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም እንዲሁ ያሳንሳል፤ 100 ሺህ የሚለው መኪና 107 ሺህ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ዲፈረንሻሉን መቀየር ካስፈለገ ስንት ቁጥር ይመረጣል? የድሮውን ቁጥር በ1.07 ያባዙ። 3.909 ከነበረ 4.18 ይመጣል። በገበያ የሚገኘው ቅርቡ 4.10 ነው፤ ከጠፋው ብዙውን ይመልሳል። ጎማው 35 ኢንች ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም 889 ሚሊ ሜትር፣ ልዩነቱ 14.5 በመቶ ይሆናል፤ ውጤቱም 4.48 ገደማ ስለሆነ 4.556 ይጠጋዋል። ዘወትር ከባድ ለሚጭን ወይም ዳገት ለሚበዛበት ሰው ከሁለት ቁጥሮች መካከል ከፍ ያለውን መውሰድ ይሻላል፤ ባዶውን ረጅም መንገድ ለሚሄድ ዝቅ ያለውን። የፍጥነት ቆጣሪው ከማርሽ ሳጥኑ የሚያነብ መኪና ከሆነ፣ አዲሱ ዲፈረንሻል ስሕተቱን ከ7 ወደ 2 በመቶ ያወርደዋል። ከጎማዎቹ ላይ የሚያነብ አዲስ መኪና ከሆነ ግን ዲፈረንሻሉ ለቆጣሪው ምንም አይፈይድም፤ በኮምፒውተር መስተካከል አለበት።

የድሮው ቁጥር ስንት እንደሆነ ብዙ ጊዜ በሩ ሲከፈት በሚታየው ወይም በሞተሩ ክፍል ባለው ሰሌዳ ላይ በኮድ ተጽፏል፤ ጋራዡ ያነበዋል። ያለዚያ መኪናውን ከፍ አድርገው፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል አንድ ዙር አዙረው ዘንጉ ስንቴ እንደዞረ ይቆጥራሉ። ልጆች ይህንን ግቢ ውስጥ በክሪክ ብቻ እንዳይሞክሩት አደራ።

ጎረቤትየው «ጣጣው ብዙ ነው» ያሉት ደግሞ ትክክል ነበሩ። ኮሮናና ፒኞን አብረው የተሠሩ ጥንዶች ናቸው፤ አንዱን ብቻ መቀየር አይቻልም። አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ከሆነ የፊትም ዲፈረንሻል አለው፤ የፊቱና የኋላው ቁጥር አንድ ካልሆነ አራቱን ባስገቡ ቀን ይታነቁና ብረት ይሰበራል። ስለዚህ ወጪው እጥፍ ነው። ጥርሶቹ ሲገጠሙ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት በመሣሪያ ይለካል፣ ቀለም ተቀብቶም የት ላይ እንደሚነካኩ ይታያል። «በጆሮዬ እሰማዋለሁ» ከሚል መካኒክ ይራቁ። ከተገጠመ በኋላም ለመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ከባድ ጭነት አይጫንም፤ ከዚያም ዘይቱ ይቀየራል። ያልተነገረው ልጅ በማግስቱ አንድ ቶን ጭኖ ያቃጥለዋል።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ግን ሕጉ ነው። በዚህ አገር የመኪናው ሪሽዮን ላይ የጎማው ልክ ተጽፏል። ከዚያ የተለየ ጎማ ያለፈቃድ ከተገጠመ በዓመታዊው ቴስት ይወድቃል። መኪና ከፍ ማድረግና ጎማ ማተለቅ ሺኑይ ሚብኔ ይባላል፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ፈቃዱም በሪሽዮኑ ላይ መታየት አለበት። «ፈቃድ አለው፣ ወረቀቱ ቤት ነው» የሚል ሻጭ ወረቀቱን ሄዶ ያምጣ። መድኑም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በ1981 የወጣው የመድን ውል ሕግ ባለ መኪናው አደጋን የሚያባብስ ለውጥ ካለ ለኩባንያው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ሳያሳውቅ ቢጋጭ ክፍያው ሊቀነስ ወይም ሊከለከል ይችላል። መኪናው ተሰባብሮ መድኑ እምቢ ቢል እንኳ የባንኩ ብድር ይቀጥላል። ልጁ መክፈል ካቃተው ባንኩ ወደ ዋሱ ይመጣል። የእማማን እንቅልፍ የነሳው ይህ ከሆነ በከንቱ አልተጨነቁም።

እንደ ነርስ አንድ ነገር ልጨምር። ጎማው ብቻ መኪናውን በ27 ሚሊ ሜትር ከፍ ያደርገዋል፤ ማስነሻ ብረት ከታከለበት ደግሞ ብዙ ሴንቲ ሜትር። ያ መኪና የሥራ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ቅዳሜ ማታ እናትን ወደ ዘመድ የሚያደርሰውም እሱ ነው። ጉልበት የሚያማቸው፣ አጥንታቸው የሳሳ እናቶች ከከፍተኛ መኪና ሲወርዱ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር አይቻለሁ። መርገጫና መያዣ ይኑረው፤ ደግሞም ፊትን ወደ መኪናው አዙሮ፣ እንደ መሰላል፣ ወደ ኋላ መውረድ ይሻላል።

የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው። ከተማ ውስጥና በአስፋልት ላይ ለሚሠራ ልጅ ሪሽዮኑ ላይ የተጻፈው ጎማ ይበቃዋል፤ ዲፈረንሻልም አይነካ። ጭቃና ድንጋይ ባለበት እርሻ ውስጥ በየቀኑ የሚገባ ከሆነ፣ በፈቃድ አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ከ3 ወይም 4 በመቶ ካልበለጠ ብዙ መኪና ዲፈረንሻል ሳይቀየር ይችለዋል። ከዚያ በላይ ሄዶ ጭነትም የሚጭን ሰው የዲፈረንሻሉን ወጪ ከጎማው ዋጋ ጋር ደምሮ ያስላ፤ ለብቻው የሚታይ ወጪ አይደለም።

እማማ ሒሳቡን ከልጅ ልጃቸው ጋር በወረቀት ሠሩት። ልጃቸውም መኪናውን ከመግዛቱ በፊት ወደ ምርመራ ወሰደው፤ በሪሽዮኑ ላይ 265/65 አር 17 ብቻ ተጽፎ ተገኘ፣ ዲፈረንሻሉም ያልተነካ 3.909 ነበር። ሻጩ የቀድሞዎቹ አራት ጎማዎች መጋዘን እንዳሉት ሲጠየቅ አመነ። ተመልሰው ተገጠሙ፣ ትልልቆቹን ሻጩ ወሰደ፣ ከዋጋውም ትንሽ ተቀነሰ። እናትየው የፈረሙት ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር ከሪሽዮኑ ጋር በጣታቸው እየተከተሉ ካስነበቡ በኋላ ነው።