የመኖሪያ ፈቃድ እስኪወጣ ልጆች ከትምህርት ገበታ አይለዩ

ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባሕር ማዶ የተሰደዱ ወገኖቻችን በአዲሱ አገር ከሚገጥሟቸው ውሳኔዎች ሁሉ አጣዳፊው የልጆች ትምህርት ነው። ሥራ ሊቆይ፣ የራስ ቤትም ሊቆይ ይችላል። የስምንት ዓመት ሕፃን ግን የሁለተኛ ክፍል ትምህርቱን የሚማርበት ጊዜ አሁን ነው። ሆኖም አንዳንድ ወላጆች በጎ አሳብ እያላቸው «ወረቀታችን ይውጣና እናስገባቸዋለን» ሲሉ ይሰማል። ከፊሎቹ ትምህርት የሚፈቀደው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ላለው ብቻ ይመስላቸዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ የልጃቸው ስም በመንግሥት መዝገብ እንዳይገባ ይፈራሉ። በዚህ ጥናታችን ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን አሜሪካን ወስደን ሕጉ ምን እንደሚልና ምዝገባው ምን እንደሚጠይቅ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የጥበቃውን ርዝመት እንመልከት። የጥገኝነት ጽሕፈት ቤቱ ከጥር 2018 ጀምሮ በቅርቡ የቀረቡትን ማመልከቻዎች ለቃለ መጠይቅ የሚያስቀድም ሥርዓት በመከተሉ ቀደም ብለው ያመለከቱት ለዓመታት ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ በመዝገቡ የተከማቸውም ጉዳይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰውም ቢሆን ለቋሚ መኖሪያ የሚያመለክተው አንድ ዓመት ከቈየ በኋላ ነው። እንግዲህ «ወረቀቱ እስኪወጣ» ማለት ለአንድ ልጅ ምናልባት ከአንደኛ ደረጃ ትምህርቱ አብዛኛው ማለት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የቴክሳስ ግዛት በ1975 ባወጣው ሕግ፣ በሕጋዊ መንገድ ወደ አገር ላልገቡ ልጆች ማስተማሪያ የሚሆን የግዛቱ ገንዘብ እንዳይከፈል ከለከለ፤ ትምህርት ቤቶችም እንዲህ ያሉትን ልጆች እንዳይቀበሉ ፈቀደላቸው። የታይለር ከተማ የትምህርት ዲስትሪክት ከ1977 ጀምሮ ለአንድ ልጅ በዓመት 1,000 ዶላር ጠየቀ። ገንዘቡን ለመክፈል አቅም ያልነበራቸው የሜክሲኮ ተወላጆች የሆኑ ጥቂት ቤተሰቦች ተከራከሩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ሰኔ 15 ቀን 1982 «ፕላይለር በዶ» በሚባለው ጉዳይ በአምስት ድምፅ ለአራት ፈረደላቸው። ዳኛ ዊልያም ብሬናን የጻፉት ፍርድ ፍሬ አሳቡ ይህ ነው፦ ልጆች የወላጆቻቸውን መንገድ አልመረጡም፤ ስለዚህ በወላጆቻቸው ድርጊት ሊቀጡ አይገባም፤ ማንበብና መጻፍ ሳይማሩ የሚያድጉ ልጆችንም ማበጀት ለአገር አይበጅም። የተቃወሙት አራቱ ዳኞች እንኳ ጉዳዩ የሕግ አውጪዎች ነው አሉ እንጂ ልጆቹን ያለ ትምህርት መተው መልካም ነው አላሉም።

ልብ በሉ፤ ይህ ፍርድ የተሰጠው ምንም ፈቃድ ለሌላቸው ልጆች ነው። ማመልከቻ አስገብቶ በሕግ ፊት ውሳኔ የሚጠብቅ ቤተሰብ ልጅማ እንዴት ይከለከላል? ስለዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል የልጁን የመኖሪያ ሁኔታ ምክንያት አድርጎ ሊከለክለው አይችልም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ስለሌለውም ሊመልሰው አይችልም። እንዲያውም በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ ከ5 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ መማር ግዴታው ስለሆነ በቤት የሚያስቀረው ወላጅ ራሱ ሕግ ይተላለፋል።

የተሳሳተው ወሬ የሚመነጨው ከሌላ ሕግ ሳይሆን አይቀርም። በ1996 የወጣ ሕግ በተማሪ ቪዛ የሚገቡ የውጭ አገር ልጆች በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ፣ በሁለተኛ ደረጃም ሙሉ ወጪውን ከፍለው ከ12 ወር ያልበለጠ ብቻ እንዲማሩ ይወስናል። ይህ የሚመለከተው ለትምህርት ተብሎ የተሰጠን ቪዛ ነው። የጥገኝነት አመልካችን ልጅ ከዚህ ጋር ማደባለቅ አይገባም።

የሁለተኛውን ፍርሃት ነገር በቀላሉ አናልፈውም። የስደት ጉዳይ ፖሊሶች ትምህርት ቤትን ከመሰለ ስፍራ እንዲርቁ ያዝዝ የነበረው መመሪያ በጥር 2025 ተሽሯል፤ ስለዚህ የሚፈራ ወላጅ ያለ ምክንያት ይፈራል አንልም። ይሁን እንጂ የ1974ቱ የተማሪዎች መዝገብ ሕግ ትምህርት ቤቱ ያለ ወላጅ ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝና እርሱን ከመሰለ ሕጋዊ ምክንያት በቀር የልጁን መዝገብ ለሌላ እንዳያሳይ ይከለክላል። ትምህርት ቤት ስለ ቪዛ የመጠየቅ ግዴታም የለበትም፤ ሳይጠየቁ የስደት ወረቀቶችን ዘርግቶ ማሳየት አያስፈልግም። ይልቁንስ ወላጅ በድንገት ባይደርስ ልጁን ማን እንደሚወስደው በሚሞላው ቅጽ ላይ የሚታመኑ ሁለት ወይም ሦስት ጎልማሶችን ስምና ስልክ ማስመዝገብ ብልህነት ነው። ብዙዎች ይህንን መስመር ባዶ ይተዉታል።

ወደ ምዝገባው እንምጣ። በጥር ወር የደረሰ ቤተሰብ መስከረምን መጠበቅ የለበትም፤ ምዝገባ ዓመቱን ሙሉ ነው። የሚጠየቁትም የልጁ ዕድሜ ማስረጃ፣ በዲስትሪክቱ ውስጥ መኖርን የሚያሳይ ሰነድ፣ የክትባት ካርድና የቀድሞው ትምህርት ቤት ውጤት ናቸው።

የልደት ምስክር ወረቀቱ በአማርኛ ብቻ ከሆነ በሚገባ ይተርጎም፤ በተለይም የዘመን አቈጣጠሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ልዩነቱ ሰባት ዓመት ሲሆን ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። ጥር 10 ቀን 2008 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ልደቱ ጥር 19 ቀን 2016 ነው፤ ሰባት ብቻ ደምሮ 2015 ብሎ የጻፈ አስተርጓሚ ልጁን በአንድ ዓመት አስረጅቶ ከአቅሙ በላይ በሆነ ክፍል ሊያስቀምጠው ይችላል። ከሁሉ በላይ በትምህርት ቤቱ የተመዘገበው ልደት በጥገኝነት ማመልከቻው ላይ ከሰፈረው ጋር አንድ መሆን አለበት። አንዱ ቦታ ላይ ዕድሜ ቀንሶ ሌላ ቦታ ላይ መጨመር ኋላ ሙሉውን ጉዳይ የሚያጠራጥር ነገር ነው። የስምም ነገር እንዲሁ ነው፦ በእኛ ልማድ እናት፣ አባትና ልጅ የቤተሰብ ስም አይጋሩምና ጸሐፊዋ «እናትየዋ እርስዎ ነዎት?» ብላ ብትጠይቅ ቅር መሰኘት አያሻም፤ በምስክር ወረቀቱ ላይ የእናት ሙሉ ስም መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይበቃል።

የመኖሪያ ማስረጃ የሚባለው የቤት ኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል ነው። አዲስ መጥ ቤተሰብ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዘመድ ቤት፣ አንዳንዴም በምድር ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ስለሚቀመጥ ውሉ በስሙ አይሆንም። የቤቱ ባለቤት ወይም ተከራይ «አብረውኝ ይኖራሉ» ብሎ የሚፈርመው የማረጋገጫ ቅጽ በየዲስትሪክቱ አለ። ከዚህም ሌላ በ1987 የወጣው የማኪኒ-ቬንቶ ሕግ፣ ቤት በማጣት ወይም በኑሮ ችግር ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተደርበው የሚኖሩ ልጆች ሰነድ ባይሟላላቸውም ወዲያውኑ እንዲመዘገቡ ያዝዛል፤ ይህንንም የሚከታተል ሠራተኛ በየዲስትሪክቱ ይመደባል። ሕጉ የሚጠራቸው «ቤት አልባ» በሚል ቃል ስለሆነ ወገኖቻችን ያፍሩበታል። የቃሉ ትርጉም በጎዳና ማደር ብቻ አይደለም፤ በዚህ ስም መጠቀም የሚያሳፍር ነገር አናይበትም።

ከአገር ቤት የመጣው የክትባት ካርድ ይጠቅማል፤ አይጣል። ነገር ግን አሜሪካ የምትጠይቃቸው አንዳንድ ክትባቶች፣ ለምሳሌ የጆሮ ደግፍና የጉድፍ፣ በአገራችን መደበኛ የልጆች ክትባት ውስጥ ስላልነበሩ ተጨማሪ መውሰድ አይቀርም። ኢንሹራንስ የሌላቸው ልጆች በ1994 ሥራ በጀመረው የፌዴራል ፕሮግራም ክትባቱን በነጻ ያገኛሉ።

ልጁ ከተመዘገበ በኋላ በቤት በምን ቋንቋ እንደሚነጋገር ይጠየቃል፤ ከዚያም የእንግሊዝኛ ፈተና ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ኩሩ ወላጆች ሲቈጡ ይታያል። «ልጄ አዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ነው የተማረው» ይላሉ። እውነት ነው፤ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም ፈጥኖ የሚነገረውን የክፍል ንግግር መከተልና በጽሑፍ መከራከር ሌላ ችሎታ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 «ላው በኒኮልስ» በተባለው ጉዳይ ቋንቋውን ለማያውቁ ተማሪዎች ትምህርት ቤቶች ድጋፍ እንዲሰጡ ወስኗል። ወላጅ ድጋፉን እምቢ የማለት መብት አለው፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት እንዲጠቀምበት ግን እንመክራለን። ለስብሰባም አስተርጓሚ በነጻ መጠየቅ ይቻላል። የአሥር ዓመት ልጅን ስለ ራሱ ጥፋት ወይም ድካም እንዲያስተረጉም ማስቀመጥ ለልጁም ለወላጁም አይገባም፤ በአባትና በልጅ መካከል ያለው ሥርዓት የሚናጋው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል።

በጣም የሚያሳስበን ግን በ16 እና በ19 ዓመት መካከል የሚደርሱት ወጣቶች ጉዳይ ነው። ለቤት ኪራይ እንዲያግዙ ወደ ሥራ የሚገፉ አሉ፤ «ዕድሜህ አልፏል፣ የጎልማሶች ፈተና ውሰድ» የሚባሉም አሉ። ይህን ቃል ሳይመረምሩ መቀበል አይገባም። በሜሪላንድ 21 ዓመት ያልሞላው ወጣት በነጻ የመማር መብት አለው። በቨርጂኒያም ነጻ ትምህርት እስከ 20 ዓመት ሲሆን፣ ከ12 ዓመቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባና እንግሊዝኛ ያልተካነ ወጣትን የትምህርት ቦርዶች እስከ 22 ዓመት ሊቀበሉት ይችላሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው የአገር ቤት ውጤት ማኅተም ያለበት ሆኖ ከነትርጉሙ ከቀረበ፣ የተማራቸው ትምህርቶች ተመዝነው ሊያዙለት ስለሚችሉ አንዱን ክፍል ደግሞ አይማርም። ከአገር ሳይወጡ ይህንን ሰነድ ማስወጣት ከአሜሪካ ሆኖ ዘመድ ከመላክ እጅግ ይቀላል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶችን የሚመርጡ ምእመናንም አሉ። እነዚህ የግል ትምህርት ቤቶች ስለሆኑ ከላይ የጠቀስነው ፍርድ አያስገድዳቸውም፤ ክፍያም አላቸው። አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች የክፍያ ድጋፍ መኖሩን ርዕሰ መምህሩን ወይም ቆሞሱን ቢጠይቁ መልካም ነው።

ከ12ኛ ክፍል በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። የ1982ቱ ፍርድ ኮሌጅን አይጨምርም፤ ጉዳዩ ያልተወሰነለት የጥገኝነት አመልካችም የፌዴራል የትምህርት እርዳታ አያገኝም፤ ጥገኝነቱ ከተፈቀደለት በኋላ ነው የሚያገኘው። የግዛት ነዋሪዎችን ዝቅተኛ ክፍያ የሚወስኑ ሕጎችም ከግዛት ግዛት ይለያያሉ፤ ይለዋወጣሉም። ቴክሳስ በ2001 ቀድማ ያወጣችው የዚህ ዓይነት ሕግ በሰኔ 2025 በፍርድ ቤት ቀርቷል። ስለዚህ ልጁ 11ኛ ክፍል ሲደርስ ወላጆች ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ተቀምጠው፣ በእጃቸው ያለው የማመልከቻ ደረሰኝና የሥራ ፈቃድ በዚያች ግዛት ኮሌጆች ዘንድ ምን ያህል እንደሚቈጠር ይጠይቁ፤ መልሱንም በየዓመቱ እንደገና ያጣሩ።