የአንጀት ጡንቻ ማክሮፋጆችና ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚዘገይ የአንጀት እንቅስቃሴ

በአገራችን ሆስፒታሎች ድንገተኛ የሆድ ቀዶ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሕመሞች አንዱ የአንጀት መጠምዘዝ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የተጠመዘዘውን ይፈታል፣ የሞተውን ቆርጦ ያወጣል፤ ከዚያ የጥበቃ ቀናት ይጀምራሉ። ታካሚው በየጠዋቱ «አየር ወጣ?» ተብሎ የሚጠየቀው አንጀቱ ሥራ መጀመሩን ለማወቅ ነው። በተለምዶ ትንሹ አንጀት በሰዓታት፣ ጨጓራ ከ24 እስከ 48፣ ትልቁ አንጀት ደግሞ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ወደ እንቅስቃሴ ይመለሳሉ። ከዚህ ለሚያልፈው መዘግየት ግን ነርቭና የሕመም ማስታገሻ ብቻ በቂ ማብራሪያ አይሆኑም።

በአንጀት ግድግዳ ክብና ቁመታዊ ጡንቻዎች መካከል፣ የነርቭ መረቡ በተዘረጋበት ስፍራ፣ ማክሮፋጆች ይኖራሉ። በ2014 በአይጦች ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው እነዚህ ሕዋሳት ቢኤምፒ2 የተባለ ፕሮቲን ለነርቮቹ ያቀርባሉ፤ ነርቮቹም በምላሹ ለማክሮፋጆቹ ሕልውና የሚያስፈልገውን ሲኤስኤፍ1 ይሰጣሉ። የአንጀት ባክቴሪያዎች በፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ሲመናመኑ ይህ ልውውጥ ይታወካል። ማክሮፋጅን ጀርም በላ ብቻ አድርጎ ያስተማረን የመማሪያ ክፍል ይህን ክፍል ሳያነሳው አልፏል።

በቀዶ ሕክምና ጊዜ አንጀቱ በእጅ ሲገላበጥ እነዚሁ ማክሮፋጆች ይቆጣሉ፤ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራሉ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድና ፕሮስታግላንዲን እንዲመነጩ ያደርጋሉ። ጡንቻው የመኮማተር አቅሙን የሚያጣው በዚህ ነው። በ2005 በወጣ የአይጥ ጥናት ደግሞ የቬገስን ነርቭ ማነቃቃት፣ በአሲቲልኮሊን አማካይነት፣ ይህን ቁጣ አብርዷል።

እዚህ ላይ ለእኛ ልዩ የሆነ ጥያቄ ይነሳል። በአይጦች የአንጀት ትል ሲገባ ኢንተርሉኪን 4 እና 13 ጡንቻው በኃይል እንዲኮማተር ያደርጋሉ፤ ወደ ጡንቻው የሚጎርፉት ማክሮፋጆችም የተለየ ባሕርይ ይይዛሉ፣ ትሉን ለማስወጣትም ያግዛሉ። ማክሮፋጆቹ ሲወገዱ ይህ ኃይል ይቀንሳል። ከ2015 ጀምሮ አልቤንዳዞል በትምህርት ቤቶች በአገር አቀፍ ደረጃ ሲታደል ቢቆይም፣ መካኒሳ አቦም ሆነ ገጠር ያደገ ጎልማሳ በልጅነቱ ወስፋት ይዞት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ቢላ ሲያርፍበት ማክሮፋጆቹ በንጹሕ ቤተ ሙከራ እንዳደገች አይጥ ይቆጣሉ ብሎ መገመት፣ በእኔ እይታ፣ ችኮላ ነው።

ጥያቄውን ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በስምምነት የተወሰደ የተቆረጠ አንጀት ጤናማ ዳር፣ የሰገራ ምርመራና አየር የወጣበት ሰዓት ምዝገባ ለመነሻ ይበቃሉ። አንድ እንቅፋት አለ፤ የተጠመዘዘ አንጀት ከቀዶው በፊትም የተቆጣ ስለሆነ፣ ለንጽጽር በቀጠሮ ከሚቀደዱ ታካሚዎች የሚወሰድ ናሙና የግድ ያስፈልጋል።